«ዱ ዩ ማይንድ?» ሲሏችሁ «የስ» አትበሉ፦ ክላርክስተን ላይ ሥራ የሚያስመልጠን እንግሊዝኛ

የዛሬው ጽሑፋችን ፖለቲካ አይደለም። ፖለቲካው የትም አይሄድም፣ እንመለስበታለን። ሰሞኑን በቻናላችን ስለ ሥራ ካነሳን በኋላ ከክላርክስተን፣ ከስቶን ማውንቴን፣ ከዲኬተር የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዲግሪም አለኝ፣ እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፣ ኢንተርቪው ላይ ግን የሚሉት አይገባኝም። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ አይደውሉም።»

እኛ የመንገዱን እንግሊዝኛ የተማርነው ታክሲ ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልክ የሚያወራ መንገደኛ ያለ ክፍያ አስተማሪ ነው። ኢንተርቪው የሚሄድ አለ፣ ከኢንተርቪው ተናዶ የሚመለስ አለ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ማናጀር አለ፣ ከሥራ ተባርሮ ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት የሚለማመድም አለ። ጆሮ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም። ዛሬ የምንጽፈው ከዚያ የለቀምነውንና ከወገኖቻችን ጋር ስንነጋገር ያረጋገጥነውን ነው።

ሥራ በቀጥታ ከሚያስመልጠው እንጀምር። ጠያቂዋ ፈገግ ብላ «ዱ ዩ ማይንድ ወርኪንግ ዊክኤንድስ?» ትላለች። የኛ ሰው «ዊክኤንድስ» የምትለዋን ይይዛል፣ «ቅዳሜና እሁድ ትሠራለህ ወይ?» ማለቷ መስሎት በሙሉ ልቡ «የስ! የስ!» ይላል። መለሰ የተባለው ግን «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ነው። «ማይንድ» እዚህ ጋ አእምሮ ማለት አይደለም፤ «ያስቸግርሃል ወይ፣ ቅር ይልሃል ወይ» ማለት ነው። ሥራውን የምንፈልግ ከሆነ መልሱ «ኖ» ነው። እንዲያውም «ኖ፣ ኖት አት ኦል፣ አይ ካን ወርክ ዊክኤንድስ» ብሎ እስከ መጨረሻው መናገር ይሻላል። አንዳንዷ ጠያቂ ነገሩ ይገባትና ደግማ ትጠይቃለች። ሌላዋ ግን ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰው ስላለ «ቅዳሜ አይሠራም» ብላ ጽፋ ታልፋለች። እኛ ቤት ገብተን «ዘረኛ ናት» እንላለን።

የዚህ ወንድም የሆነው ሁለተኛው ወጥመድ ከአፍ መፍቻ ቋንቋችን የመጣ ነው፣ ስለዚህ ለመተው ጊዜ ይወስዳል። በአማርኛ «መኪና የለህም?» ስንባል «አዎ፣ የለኝም» እንላለን። «አዎ» የምንለው ለጠያቂው አባባል ነው፤ «ልክ ብለሃል» እንደማለት። እንግሊዝኛ ግን የጠያቂውን አባባል ትቶ ነገሩን ነው የሚያየው፦ ካለ «የስ»፣ ከሌለ «ኖ»። በቃ። ስለዚህ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ካር?» ሲሉን «የስ» ካልን መኪና አለን ብለናል። መኪናው እንኳ ይሁን። ችግሩ ጥያቄው «ሶ ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን ኮንቪክትድ ኦፍ ኤ ክራይም?» ሲሆን ነው። «በወንጀል ተፈርዶብህ አያውቅም ማለት ነው?» እያሉን ነው። በአማርኛ ልማድ «የስ» ካልን ንጹሑ ሰው በገዛ አፉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጥያቄው ውስጥ «ኖት» ወይም «ኔቨር» ከሰማን በአንዲት ቃል አንመልስ። «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ኮንቪክትድ።» «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ኤ ካር፣ በት አይ ሃቭ ኤ ራይድ ኤቭሪ ደይ።» ዓረፍተ ነገሩን ስንጨርስ «የስ»ና «ኖ» ቢምታቱብን እንኳ ሐሳቡ ይደርሳል።

ከአፍ የማይወጣም እንግሊዝኛ አለ። ሰው ሲያወራ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት ነገር አለች አይደል? አገር ቤት ማንም ልብ አይላትም። አሜሪካዊ ፊት ግን የደነገጥን ወይም አስም የተነሳብን ይመስለዋል። ቅንድብ ወደ ላይ ማንሳትም እንደዚያው፣ እሺ ማለታችን መሆኑን አያውቅም። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር ለኛ ጨዋነት ነው፣ እዚህ ግን የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ያስመስላል። እናትና አባታችን ያስተማሩንን ጨዋነት ጣሉት አንልም። ለ20 ደቂቃ ብቻ ዓይን ዓይን አይታችሁ አውሩ፣ ከዚያ ወደ ጨዋነታችን እንመለሳለን።

ክላርክስተንን ለማታውቋት፦ ከዳውንታውን አትላንታ በስተምሥራቅ በዲካልብ ካውንቲ የምትገኝ፣ ስፋቷ ሁለት ካሬ ማይል እንኳ የማትሞላ ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ ከ14 ሺ በላይ ሰው ይኖርባታል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ቬትናሞች መጡ፣ ከዚያ ቦስኒያዎች፣ ሶማሌዎች፣ እኛና ኤርትራውያን ወንድሞቻችን፣ ኮንጎዎች፣ ቡታኖች፣ በርማዎች፣ ሶሪያዎች፣ አፍጋኖች። አፓርታማው ርካሽ ነበር፣ አውቶቡስም ነበረ፣ ስለዚህ ድርጅቶቹ እዚያ አሰፈሩ። «የደቡቡ ኤሊስ ደሴት» የሚሏት ለዚህ ነው። በስደተኛ ፕሮግራም የመጣ ሰው የመጀመሪያው የመቀበያ ድጋፍ የሚሰላው በ90 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሥራ መያዝ አለበት። በዲቪ የመጣው ደግሞ ድርጅትም የለውም፣ የዘመድ ሶፋ ነው ያለው፣ ሶፋውም ቀን አለው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2025 የስደተኞች መቀበያው በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከታገደ በኋላ እነዚህ ድርጅቶች በየቦታው ሠራተኛ ቀንሰዋል። ድሮ ኢንተርቪው ድረስ አብሮን ሄዶ የሚያስተረጉምልን ሰው ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ራሳችን መስማት አለብን።

እንግሊዝኛ አልተማርንም እንዳይባል ተምረናል። ዘጠነኛ ክፍል ከገባን ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከኛ በኋላ የመጡት ታናናሾቻችን ደግሞ ከ2004 ወዲህ የፕላዝማ አስተማሪ አግኝተዋል፤ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ «ቬሪ ጉድ» ብሎ የሚያልፈው ያ ሰውዬ፣ ታስታውሱታላችሁ። ያ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ለማንበብ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው። «ሃው ዱ ዩ ዱ» ብሎ የሚጨብጠን ሰው ግን ጆርጂያ ውስጥ እስካሁን አላጋጠመንም።

የሚያጋጥመን «ሃው ዩ ዱዊን?» ነው። ይህ ጥያቄ አይመስለንም፣ ሰላምታ ነው። «ጉድ፣ ሃው ኣር ዩ?» ብለን እንለፍ። አንዳንዱ ወገናችን እግሩን እንዳመመው፣ እናቱ አገር ቤት እንደታመሙ ይጀምራል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚደነግጠው፣ አልጠየቀማ!

አሁን ወደ ሥራ ማስታወቂያው። ክላርክስተን ዙሪያ የሚገኘው ሥራ የታወቀ ነው፦ መጋዘን፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ፓርኪንግ፣ ከ60 ሺ በላይ ሰው የሚሠራበት የሃርትስፊልድ ጃክሰን ኤርፖርት፣ 50 ማይል ገደማ ርቀው የሚገኙት የጌይንስቪል የዶሮ ፋብሪካዎች። ማስታወቂያው ላይም ኢንተርቪው ላይም የማትቀረው ቃል «ሪላየብል ትራንስፖርቴሽን» ናት። «መኪና አለህ ወይ» ብለው በቀጥታ ላለመጠየቅ ነው። ትርጉሟ «ዝናብ ቢዘንብ፣ ጓደኛህ ቢታመም፣ በሰዓቱ ትደርሳለህ ወይ?» ነው። «ማርታ» ብቻ ብሎ መመለስ አደጋ አለው። ማርታ ከኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ ተነስቶ ፋይቭ ፖይንትስ ላይ ባቡር ቀይሮ ኤርፖርት ድረስ ይወስዳል፣ እውነት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አይሠራም። ሥራው ሌሊት 10 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ ማለትም በነሱ ከንጋቱ 4፣ ጠያቂው ይህን ያውቃል። ስለዚህ «አይ ቴክ ማርታ፣ ኤንድ ማይ ካዝን ድራይቭስ ሚ ፎር ዘ ኧርሊ ሺፍት» ብሎ መልሱን መሙላት ነው፤ በእርግጥ የሚያደርሰን ካዝን ካለ።

ሰዓትን ካነሳን፦ ኢንተርቪው «ቱ ኦክሎክ» ከተባለ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው። ስቃችሁ አትለፉ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሳይከፈት ደርሶ የቆመ ሰው እናውቃለን። ቢያንስ አልዘገየም።

ስለ ፈረቃ «ፈርስት»፣ «ሰከንድ»፣ «ሰርድ ሺፍት» ይላሉ፤ ሦስተኛው የሌሊቱ ነው። እሱኑ «ግሬቭያርድ» ሲሉት እንዳትደነግጡ፣ መቃብር ቁፋሮ አይደለም፣ ሁሉ ነገር እንደ መቃብር ጸጥ የሚልበት ሰዓት ማለታቸው ነው። «ኦፕን አቬይለቢሊቲ» ማለት ቀንም ሌሊትም፣ የትኛውም ቀን እችላለሁ ማለት ነው። ይህን አፋችን ላይ እንደመጣ አንናገረው። ልጅ የምናደርስ ከሆነ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ከሆነ፣ አርብ መስጊድ የምንሄድ ከሆነ ከመጀመሪያው መናገር ይቀላል። ሁሉን እችላለሁ ብሎ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት መለመን ነው የሚከብደው። «ኣር ዩ ኮምፈርተብል ሊፍቲንግ 50 ፓውንድስ?» ሲሉ ደግሞ ምቾታችን አሳስቧቸው አይደለም፣ «ትችላለህ፣ እሺ ትላለህ?» ነው። 50 ፓውንድ ወደ 23 ኪሎ ነው፣ አዲስ አበባ ስንሄድ ሞልተን የምናስመዝናት አንዷ ሻንጣ። እሷን ቀኑን ሙሉ ማንሳትና ማስቀመጥ እንደሚያስችለን አስበን እንመልስ።

የደቡቡ አነጋገር ለብቻው ነው። በኒው ዮርክ ፊልም እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ እዚህ ግራ ይገባዋል። «ያል» ማለት እናንተ ማለት ነው፤ ለኛ እንዲያውም ምቹ ነው፣ በአማርኛ አንተና እናንተ የተለያዩ ናቸው፣ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው ያልነበረው። «ፊክሲን ቱ» ማለት ልጀምር ነው፣ «አይም ፊክሲን ቱ ኮል ሂም» ካለች አሁን ልትደውልለት ነው እንጂ ምንም የምትጠግነው ዕቃ የለም። ግሮሰሪ የሚቀጠር ሰው «ጎ ጌት ዘ በጊስ» ሊባል ይችላል፤ «በጊ» የገበያ ጋሪው ነው። «ኮክ» ማንኛውም ለስላሳ ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ቤት ከሠራችሁ «ዋት ካይንድ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይ ቲ ፒ» ከቀለበት መንገዱ ከ285 ውስጥ፣ «ኦ ቲ ፒ» ከዚያ ውጪ ነው። 285 አትላንታን ዙሪያዋን 64 ማይል የከበበ አስፋልት ነው፣ ክላርክስተን ልክ ከሱ ወጣ ብላ ነው ያለችው። ሥራው ኦ ቲ ፒ ሰሜን ከሆነና እኛ ምሥራቅ ከሆንን፣ የጠዋቱን ትራፊክ አስቡና ደሞዙን እንደገና አስሉት። ይህን ታክሲ ነጂን ማመን ነው።

ደቡብ ደግሞ ለአክብሮት ቦታ አለው። «የስ ማም»፣ «ኖ ሰር» ማለት በሌላው አገር ክፍል ያረጀ ሊመስል ይችላል፣ ጆርጂያ ውስጥ ግን በተለይ በዕድሜ ገፋ ያለ ጠያቂ ፊት ደስ ይላል። እኛ «እርስዎ» የለመድን ሰዎች ነን፣ ይህ አይከብደንም።

ጠያቂው ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ሲል ብዙዎቻችን ከተወለድንበት ቀበሌ እንጀምራለን። የጠየቀው የሕይወት ታሪክ አይደለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ሥራ እንደሠራን፣ ለስንት ዓመት፣ ለምን ይህን ሥራ እንደፈለግን ብቻ ነው። «ዋክ ሚ ስሩ ዩር ላስት ጆብ» ሲል ደግሞ ተነስተን አንሄድም፤ የመጨረሻውን ሥራህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኝ ማለቱ ነው። «ዋት ዱ ዩ ብሪንግ ቱ ዘ ቴብል?» የሚለው ድግስ የተጠራን ያስመስላል፤ ትርጉሙ ምን ትጠቅመናለህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ይህኛው ከቋንቋም ያለፈ ነው። ራስን ማመስገን ለኛ ነውር ነው። «ሰው ይናገርልህ» ተብለን ነው ያደግነው። አገር ቤት ሰው የሚናገርልን ደግሞ ማህተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነበር፤ ወረቀቱን አቅርበን እኛ ዝም እንላለን። እዚህ ማህተም የሚጠይቅ የለም። ሪፈረንስ ይጠይቃሉ፣ ስልክ ደውለው የሚያናግሩት ሰው ማለት ነው። የቀረውን ራሳችን መናገር አለብን። «አይ አም ዘ ቤስት» ማለት ከከበደን፣ እኛንም ይከብደናል፣ የሆነውን ነገር በቁጥር መናገር ነው። «አራት ዓመት ሆቴል ሠራሁ፣ አንድም ቀን አልዘገየሁም።» «በፈረቃ 14 ክፍል አጸዳ ነበር።» ይህ ጉራ አይደለም፣ እውነት ነው፣ አሜሪካዊውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ሌላ ልማድም አለ፦ «ሠራን፣ አደረግን» እንላለን፣ በትሕትና። ይኸው እኛም በጽሑፋችን «እኛ» እንላለን። ኢንተርቪው ላይ ግን «ዊ» ካላችሁ «አንተስ ምን ሠራህ?» ማለታቸው አይቀርም። «አይ» በሉ።

ሲቪውንም እግረ መንገዳችንን። አገር ቤት ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ያገባ ያላገባ እንጽፋለን። እዚህ «ሬዙሜ» ነው የሚባለው፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ፎቶና የልደት ቀን አያስፈልግም። ቀጣሪዎች እንዲያውም ማየት አይፈልጉም፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከሱ በኋላ በመጡት ሕጎች በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በዕድሜ ማበላለጥ ክልክል ስለሆነ ክስ ይፈራሉ።

«ሂት ዘ ግራውንድ ራኒንግ» ሲሉ ብዙ ሥልጠና አንሰጥም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ ማለታቸው ነው። «ፋስት ፔስድ» ማለት ጥድፊያ አለ ማለት ነው። «ዊ ዌር ሜኒ ሃትስ ሂር» ማለት እዚህ አንድ ሰው ብዙ ዓይነት ሥራ ይሠራል ነው፤ እኛ በበኩላችን ስንሰማት አንድ ደሞዝ ለሦስት ሰው ሥራ ነው የምትመስለን። «ዊ ኣር ላይክ ፋሚሊ» ሲሉማ ዝም ብላችሁ የኦቨርታይሙን ነገር ጠይቁ።

ብር ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ዋት ኣር ዩ ሉኪንግ ቱ ሜክ?» በመጽሐፉ እንግሊዝኛ «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ትመስላለች። ኩሽና ለመቀጠር የሄደ ሰው «ኤኒ ፉድ» ሊል ይችላል። የተጠየቀው ግን ስንት ብር ማግኘት እንደሚፈልግ ነው። «ጂቭ ሚ ኤ ቦልፓርክ» ካሉ ከቤዝቦል ሜዳ የመጣች አባባል ናት፣ በግምት ንገረኝ ማለት ነው። «ኤኒሲንግ ኢዝ ኦኬ» አንበል። ዝቅተኛው የፌደራል ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፣ ጆርጂያ ውስጥ የሚሠራውም እሱ ነው፣ በሱ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም። አካባቢው ላይ ለዚያ ሥራ የሚከፈለውን ከጓደኛ ጠይቀን፣ ከዚህ እስከዚህ ብለን እንመልስ። «ታይም ኤንድ ኤ ሃፍ» ማለት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ የሚከፈል አንድ ተኩል ነው። በሰዓት 16 ዶላር ከሆነ ከ40ኛው ሰዓት በኋላ 24 ይሆናል። ይህ የቀጣሪው ችሮታ አይደለም፣ ለአብዛኛው የሰዓት ሠራተኛ ሕግ ነው።

«ቴን ናይንቲ ናይን» ከተባልን ግን ነገሩ ይለያል። ያ ቅጥር ሳይሆን ኮንትራት ነው። ኦቨርታይም የለም፣ ግብር ከደሞዝ አይቆረጥም፣ ራሳችን እንከፍላለን፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 15.3 በመቶ ነው። እኛ ታክሲ ነጂዎች ይህችን ቁጥር በደንብ አድርገን እናውቃታለን። በሰዓት 18 ዶላር በቴን ናይንቲ ናይን፣ 16 ዶላር በ«ደብሊው ቱ» ከሚሉት የበለጠ ላይሆን ይችላል። «አንደር ዘ ቴብል» ደግሞ በድብቅ ካሽ መክፈል ነው። ግብር አለመክፈሉ ያለውን ጣጣ ትተን፣ ደሞዙ የቀረ ቀን ሠራሁ ብሎ ማስረዳት ራሱ ፈተና ነው። «ቴምፕ ቱ ሃየር» በኤጀንሲ በኩል ለሙከራ ገብቶ ከወደዱ የሚያስቀሩበት ነው፤ «ከስንት ጊዜ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ዓመት ሙሉ «ቴምፕ» የሆነ ሰው አለና። ሥራ ለመስጠት መጀመሪያ ገንዘብ ላክ የሚል ግን ቀጣሪ አይደለም፣ ሌባ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ።

መጨረሻ ላይ «ዱ ዩ ሃቭ ኤኒ ኩዌስችንስ ፎር ሚ?» ይላሉ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ማለት ለኛ ጨዋነት ነው፣ ለነሱ ሥራው እንዳላጓጓን ምልክት ነው። «ፈረቃው ስንት ሰው ነው?»፣ «መቼ ነው የምታሳውቁኝ?» አንድ ሁለት ጥያቄ ይዘን እንግባ። «ሹት ሚ ኤ ቴክስት» ካሉ ተኩስ የለበትም፣ መልእክት ላክልኝ ነው። «ዩር ጉድ» ደግሞ ተጠንቀቁባት። ዘግይተን ገብተን «ሶሪ» ስንል «ዩር ጉድ» ካሉን «ችግር የለም» ማለታቸው ነው። ጎበዝ ነህ፣ ተቀጥረሃል ማለት አይደለም። «ዊል ቢ ኢን ታች» ከተባለም «እንደውልልሃለን» ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደወልም። ዝም ብለው ሲጠፉ «ጎስት አደረጉኝ» ይባላል፣ እንደ መንፈስ ተሰወሩ። ይህ በፈረንጁም ላይ የሚደርስ ነው፤ ወጣት መንገደኞቻችን በየቀኑ ያማርራሉ። ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ ደውሎ «አይ አም ፎሎዊንግ አፕ» ማለት ነውር የለውም። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

እዚህ ጋ የኛን አስተያየት እንናገር። አራዳ ቃልን መስማት ሌላ፣ መናገር ሌላ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት «ቤት» እያሉ ይመጣሉ፣ የኛ ቤት አይደለም፣ «እሺ፣ ተስማማሁ» ማለታቸው ነው። «ኖ ካፕ» ማለት አልዋሸሁም ነው። የ25 ዓመት ሱፐርቫይዘር እንዲህ ሲል መረዳት ይጠቅማል። እኛ የ40 ዓመት ሰዎች ኢንተርቪው ላይ «ዋትስ ጉድ ብሮ» ብንል ግን የአባቱን ኮት የለበሰ ሕፃን ነው የምንመስለው፣ በተገላቢጦሽ። በመጽሐፉ እንግሊዝኛችን እንናገር፣ በመንገዱ እንግሊዝኛ እንስማ። አክሰንት ማንንም አያሳፍርም፣ ቀስ ብሎ መናገር ብቻ ነው። ካልገባን ደግሞ መሳቅ ሳይሆን «ካን ዩ ሴይ ዛት አናዘር ዌይ?» ማለት ነው። «ሪፒት» ካልን ያንኑ ቃል ጮክ አድርገው ይደግሙታል፤ «አናዘር ዌይ» ካልን ግን ቃሉን ይቀይሩልናል።

ለመለማመጃ ክላርክስተን ውስጥ ቦታ አለ። የጆርጂያ ፒድሞንት ቴክኒካል ኮሌጅ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ያስተምራል። የዲካልብ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍም እዚያው ነው። በ2015 የተቋቋመው ሬፊውጅ ኮፊ የተባለው ቡና ቤት ስደተኞችን ቀጥሮ ሥራና ቋንቋ አብሮ ያለማምዳል። ቡናው የኛን አያህልም እንዳትሉ፣ የምትሄዱት ወሬውን ለመስማት ነው።

ተቀጠርን እንበል። «አይ ናይን» የሚባል ፎርም ይመጣል፣ የመሥራት ፈቃድ ማረጋገጫ ነው። ከተፈቀዱት ወረቀቶች የትኛውን እንደምናቀርብ የምንመርጠው እኛ ነን። መንጃ ፈቃድና ገደብ የሌለበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይዞ የመጣን ሰው «የግድ ግሪን ካርድ አምጣ» ማለት አይችሉም። «ኮል አውት» ማለት ዛሬ አልመጣም ብሎ ከፈረቃው በፊት መደወል ነው። ሳይደውሉ መቅረት «ኖ ኮል ኖ ሾው» ይባላል፣ ብዙ ቦታ አንዴ ወይም ሁለቴ ከሆነ ያሰናብታል። ለቅሶ ቤት ነበርኩ ብሎ በሦስተኛው ቀን መምጣት እዚህ አያስኬድም፤ ለቅሶ ቤት ሆኖ ግን ስልክ መደወል ይቻላል።

ሥራው ሲያበቃ የምትባለዋ ቃል ደግሞ ብር ናት። «ሌይድ ኦፍ» ማለት ሥራ ስለቀነሰ ተሰናበትክ ነው፣ ጥፋት የለብህም። «ፋየርድ» በጥፋት መባረር ነው። «ሌት ጎ» ለሁለቱም የምትሆን ለስላሳ ቃል ስለሆነች የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። «ኩዊት» ራስህ ለቀቅክ ነው። ጆርጂያ ውስጥ የሥራ አጥ ክፍያ ሲጠየቅ የሌበር ዲፓርትመንቱ የሚያየው ይህችን ነው። በቂ ምክንያት ሳይኖረው የለቀቀ አያገኝም፣ በጥፋት የተባረረም ሊከለከል ይችላል፣ ሥራ ቀንሶ የተሰናበተ ግን ሌላውን መስፈርት ካሟላ ያገኛል። ቀጣሪው የመለያያ ማስታወቂያ የሚሉትን፣ ቁጥሩ «ዲ ኦ ኤል 800» የሆነውን ወረቀት መስጠት አለበት። በመጨረሻው ቀን ያንን ሳትቀበሉ አትውጡ፣ ምክንያቱ ላይ ምን እንደተጻፈም አንብቡ። «ሪዛይን» ወይም «ቮለንታሪ» የሚል ሌላ ወረቀት አቅርበው ፈርም ካሉና እናንተ ካልለቀቃችሁ፣ «አይ ዲድ ኖት ኩዊት» በሉ፣ ሳትፈርሙ የወረቀቱን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ።